አስከሬኗ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ተጫነ

ለክቡር የፍትሕ ሚኒስትር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ድንገት የሞተ ሰው በሞተበት አካባቢ እንዲመረመር፣ ውጤቱም ለቤተሰቡ በጽሑፍ እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

የአንድ ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ላለፉት 19 ዓመታት በሰፈራችን ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊውን የምልክ፣ ድንኳን የማስተክል፣ የሟቹን ስም በመዝገብ የማሰፍር እኔ ነኝ። ከስሙ ትይዩ «በምን ሞተ» የሚል ዓምድ አስምሬበታለሁ። ገጾቹን ወደ ኋላ ስገልጥ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ቃል «በድንገት» ነው።

ከአራት ዓመት በፊት፣ በነሐሴ ብርድ፣ ኪራይ ቤት ብቻዋን የምትኖር የ23 ዓመት ልጅ ጠዋት ሞታ ተገኘች። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። መስኮቱ ብርድ እንዳያስገባ በጨርቅ ተወትፏል። ከአልጋው ግርጌ አመድ የሞላው የከሰል ምድጃ ነበር። ሊያጥቧት የገቡ አንዲት እናት ፖሊስ ከመድረሱ በፊት ወጥተው እጄን ያዙና «ልጄ፣ ይቺ ልጅ የሞተች አትመስልም፤ ከንፈሯ ቀልቷል፣ ጥፍሯም ቀልቷል» አሉኝ። ማንም አልሰማቸውም። ግቢው ቀድሞ ፈርዷል፦ ማታ ሊጠይቃት መጥቶ የነበረው እጮኛዋ መርዟታል።

ልጁ ታሰረ። አስከሬኗ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ይሂድ ተባለ። ከዕድሩ ገንዘብ አውጥተን መኪና ተከራየን፤ ወንድሟ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ከሣጥኗ ጎን ተቀምጦ ሄደ። ሦስት ቀን ሙሉ ሬሳ በሌለበት ድንኳን ለቀስተኛ ተቀበልን። እናቷ ደረቷን እየደቃች «አምጡልኝና ልቅበራት» ትል ነበር። ልጁ በ17ኛው ቀን ሲለቀቅ አንድ ፖሊስ «ከሰሉ ነው» ብሎ ነገረን። በቃ፣ ይኸው ነው የሰማነው።

ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል፣ ደሙንም ደማቅ ቀይ ያደርገዋል። እኒያ እናት በዓይናቸው ያዩት ይህንኑ ነው። በከተማችን አስከሬን መመርመር የተማረ አንድ ሐኪም ቢኖር ኖሮ ያንን ቅላት አይቶ፣ ስለ ክፍሉ ጠይቆ፣ ደም ቀድቶ ለላቦራቶሪ ይልክ ነበር። ልጅቱም በወጉ በማግስቱ ትቀበር ነበር።

ክቡር ሚኒስትር፣ አስከሬን ብዙ ነገር ይናገራል፤ አንዳንዱን የሚናገረው ግን ለአጭር ጊዜ ነው። ከሞት በኋላ ደም ወደ ታችኛው የሰውነት ክፍል ይወርድና ከጊዜ በኋላ እዚያው ይረጋል። በደረቱ ተደፍቶ የተገኘ ሰው ደሙ በጀርባው ረግቶ ከታየ፣ ከሞተ በኋላ ሰው አገላብጦታል ማለት ነው። እኛ ግን ጠዋት የሞተውን አጥበን፣ ገንዘን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቀብራለን። ወጋችን ነው፣ እወደዋለሁም። የሚመረምር ሰው በአቅራቢያ ከሌለ ግን በዚያው ውኃ ማስረጃውም ይታጠባል።

ከዓረብ አገር በሣጥን የመጡ ሁለት የሰፈራችንን ሴቶች ልጆችም ቀብሬያለሁ። የአንዷ ወረቀት «ራሷን ሰቅላ» ይላል። ራሱን የሰቀለ ሰው አንገት ላይ የገመዱ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጆሮ በሰያፍ ሽቅብ ይወጣል፤ በሌላ ሰው እጅ በገመድ የታነቀ ሰው ላይ ግን በአብዛኛው አንገቱን ቀጥ ብሎ ይዞራል። አባቷ ይህን የሚያይለት ሰው አላገኘም። ሣጥኑ ታሽጎ መጣ፣ ታሽጎ ተቀበረ።

በትልቁም በትንሹም ያው ነው። በነሐሴ 1967 ደርግ አፄ ኃይለ ሥላሴ በሕመም ሞቱ ሲል አወጀ፤ የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምናቸውንም ሰበብ አደረገ። ሐኪማቸው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ግን ይህን አልተቀበሉም። አፅማቸው ከቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር የወጣው በ1984፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው በ1993 ነው። ዛሬም በሞት ወረቀት ላይ «ልቡ ቆመ» ተብሎ ሳነብ ያ አዋጅ ትዝ ይለኛል።

ለብዙ ዘመን የመላ አገሪቱ አስከሬን ወደ አዲስ አበባው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሲጫን ኖሯል። በዚያ የደከሙ ሐኪሞችን ከልቤ አመሰግናለሁ። እርስዎን የምለምነው ከጤና ሚኒስትሩ ጋር ተነጋግረው በየክልሉ ዋና ከተማ ቢያንስ አንድ የሠለጠነ ፎረንሲክ ሐኪምና የሚሠራ የአስከሬን ማቆያ እንዲኖር እንዲያደርጉ ነው። የትኛው ሞት ሳይመረመር እንደማይቀበርም ለቀበሌና ለዕድር በግልጽ ይነገረን። ውጤቱ ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ሲሄድ አንድ ቅጂ፣ በሚገባው ቋንቋ፣ ለቤተሰቡ ይድረስ።

ሰዉ ምርመራውን «ሬሳ መቁረጥ» እያለ እንደሚፈራው አውቃለሁ፤ እኔም እፈራ ነበር። ያቺን ልጅ ከአዲስ አበባ ስትመለስ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ከትከሻዋ እስከ እምብርቷ የወረደው ስፌት በጥንቃቄ ተሰፍቷል፤ በከፈኑ ውስጥ አይታይም። ፊቷም አልተነካም። እናቷ ስማታለች።

እናቷ እስካሁን በበዓል ቀን እየመጣች «ወረቀቱ መጣ?» ትለኛለች። በመዝገቡ ላይ ከስሟ ትይዩ ያለውን ቦታ በእርሳስ «ከሰል» ብዬ ጽፌዋለሁ። በእስክሪብቶ ለመጻፍ ያንን ወረቀት እየጠበቅሁ ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
የዕድሩ ጸሐፊ