የባንክ ሰው አደራ

በጁባ ከተማ፣ የፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ባለበት ስፍራ፣ ቡሉክ የሚባል ሰፈር አለ። ቃሉ ከቱርክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው የወታደር ክፍል ማለት ነው፤ በጣልያን ጊዜ የነበረውን የአስካሪ ማዕርግ ለሚያስታውስ ለኛ አገር ሰውም «ቡሉክ ባሺ» የሚለው ስም እንግዳ አይደለም። በወታደር ስም የሚጠራ ስፍራ በየከተማው ሞልቷል፤ የሕዝብን ገንዘብ ለመጠበቅ ለደከሙ ሰዎች የቆመ መታሰቢያ ግን እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ በዚያች ከተማ ባንክ በማቋቋም ስለ ደከሙት ስለ አቶ ኤላይጃ ማሎክ አሌንግ ጥቂት ቃል መናገር ተገቢ መስሎ ታየን።

አቶ ኤላይጃ ማሎክ የቦር አገር ሰው ነበሩ። በጦርነቱ ዘመን የሱዳን ርዳታና ማቋቋሚያ ማኅበር ኀላፊ ሆነው ለተራበው ሕዝብ የሚመጣውን ርዳታ አስተዳድረዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. የሰላም ውል ከተፈረመ በኋላ ደግሞ የደቡብ ሱዳን ባንክ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ባንኩ በውሉ መሠረት የካርቱም ማዕከላዊ ባንክ ቅርንጫፍ ነበረ፤ ነገር ግን ሰሜኑ ያለ ወለድ በሚሠራው በእስላም ሥርዓት ሲተዳደር፣ ደቡቡ በወለድ በሚሠራው ሥርዓት እንዲተዳደር ተወስኖ ነበር። አንዱን ቤት በሁለት ሕግ ማስተዳደር ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አስተዳዳሪዎች ሁሉ ያውቁታል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2009 በጁባ ቅርንጫፍ የከፈተውም በዚሁ ዘመን ነው።

ከሁሉ የበለጠው ፈተና የመጣው በ2011 ነው። ጁላይ 9 ቀን የደቡብ ሱዳን ነጻነት ታወጀ፤ በዘጠነኛው ቀን ዐዲሱ ፓውንድ ወጥቶ ከአሮጌው ጋር አንድ ለአንድ ይመነዘር ጀመር። ካርቱምም በዚያው ወር የራሱን ዐዲስ ገንዘብ ስላወጣ፣ በደቡብ ሰው እጅ የቀረው አሮጌ ገንዘብ ለክርክር ምክንያት ሆነ። ይህ ነገር ለኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። በ1997 ናቅፋ ወጥቶ ከብር ጋር ስለሚኖረው ምንዛሪ ክርክር በተነሣ ጊዜ የጠረፉ ንግድ እንዴት እንደ ታወከ፣ በ1998ም ጦርነት እንደ ተከተለ ነጋዴዎቻችን አይዘነጉትም።

አቶ ኤላይጃ በዚያው በ2011 የባንኩን ኀላፊነት ለተተኪ አስረክበው፣ በ2014 ዐረፉ። በሞቱበት ጊዜ አንድ ዶላር በመንግሥት ተመን ሦስት ፓውንድ ያህል ነበር። በ2015 ዲሴምበር ተመኑ ሲለቀቅ ግን ዶላሩ ከ18 ፓውንድ በላይ ሆነ። በ2012 የነዳጁ ምርት መቋረጡና በ2013 መጨረሻ የርስ በርስ ጦርነት መነሣቱ ገቢውን አመናምነውት ነበርና፣ መንግሥት ጉድለቱን ለመሙላት ከማዕከላዊ ባንኩ ይበደር ነበር። ዕቃውን በዶላር ገዝቶ በፓውንድ በዱቤ የሸጠው ነጋዴ ገንዘቡ ሲመለስለት ያንኑ ዕቃ መልሶ ሊገዛበት አልቻለም፤ ደመወዙን ያጠራቀመውም ጸሓፊ ለልጆቹ ያስቀመጠው በእጁ ላይ እንደ ቅቤ ቀለጠ።

እንግዲህ የባንክን ሰው በምን እናስታውሰው? ስለ መልካምነቱ ብዙ መናገር ለለቅሶ ቤት ይበቃል፤ ሥራውን ለመጠበቅ ግን አይበቃም። አባወራ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ለአንድ ቀን ድግስ አያወጣም፤ ለምነው የመጡት ዘመዶቹ ቢሆኑም እንኳ «አይሆንም» ይላቸዋል። የባንክ ገዢም ለመንግሥቱ እንዲሁ ማለት የሚችል መሆን አለበት። እርሱ ብቻውን ቢደፍር ግን ከወንበሩ ይነሣል እንጂ ገንዘቡ አይድንም፤ ስለዚህ የሚጠብቀው ሕግ፣ ሕጉንም የሚያከብሩ አስተዳዳሪዎች ያስፈልጉታል። ነጋዴዎችም ተመኑ ለነርሱ ሲመች ዝም ብለው፣ ሲጎዳቸው ብቻ መጮኽ አይገባቸውም።

አቶ ኤላይጃ በ2009 ስለ ደቡብ ሱዳን የነጻነት ትግል በእንግሊዝኛ አንድ መጽሐፍ አሳትመዋል። ለልጅና ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ውርስ ነው። ሁለተኛው ውርሳቸው ያቋቋሙት ባንክ ነው፤ እርሱ ግን በየቀኑ ካልተጠበቀ እንደ መጽሐፍ ተቀምጦ አይቆይም። አበው «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ። የወረቀት ገንዘብም አደራ ነውና፣ የተቀበሉት ሁሉ ይጠብቁት።