የመኪና አንቀልባ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ማሰሪያ ነው። «ማሰሪያ ደግሞ ምኑ ይወራል?» እንዳትሉኝ።

አገር ቤት ጠፍር የማይገባበት ሥራ አልነበረም። ገበሬው ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር የሚያስረው በምራን ነው። የአህያ ጭነት በመጫኛ ይታሰራል። ብዙ አያቶቻችሁ ያደጉት የጠፍር አልጋ ላይ ተኝተው ነው። እናቶች በመቀነት ወገባቸውን ይታጠቃሉ፣ ጫፉ ላይም ሳንቲም ይቋጥሩበታል (ቦርሳ ረሳሁ ብሎ ነገር የለም!)። እኔ ከሁሉ የምወደው ግን አንቀልባን ነው። ከለፋ ቆዳ ይሰፋል፣ በዛጎል ያጌጣል፣ ማንገቻው በእናት ትከሻና ወገብ ዞሮ ፊት ለፊት ይታሰራል። ልጁ ጀርባዋ ላይ ተኝቶ እሷ ገበያ ደርሳ ትመጣለች።

ወደ አትላንታ ልመልሳችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በትምህርት ቤታችን መኪና ማቆሚያ የማየው ነገር ያስፈራኛል። ከአገር ቤት የመጡ አያት ከኋላ ተቀምጠው ሕፃኑን ታቅፈዋል፤ የልጁ ወንበር አጠገባቸው ባዶውን ነው። አባት «ቅርብ ነው፣ ክላርክስተን ድረስ ነው» ይላል። እማማ ደግሞ «ልጄን እንደ እስረኛ አላስርም፣ እኔው እይዘዋለሁ» ይላሉ።

ኧረ ተዉ! በ30 ማይል የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በድንገት ሲቆም፣ 20 ፓውንድ የሚመዝን ሕፃን 400 ፓውንድ ገደማ የሚከብድ ያህል ወደፊት ይወረወራል። ይህን የሚችል የማን ክንድ ነው? ትግራይ ውስጥ ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጡ ወንዶች ገደሉን የሚወጡት የቆዳ ገመድ ጨብጠው ነው። ለእንግዳ ግን መጨበጡ ብቻ አይበቃም፤ ሌላ ጠፍር ወገቡ ላይ ይታሰርለትና ከላይ ይሳብለታል።

የዛሬውን የመኪና ቀበቶ የሠራው ኒልስ ቦሊን የሚባል የቮልቮ መሐንዲስ ነው፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1959። እሱም ቀበቶውን ያሳለፈው በትከሻና በወገብ ነው፤ ልክ እንደ አንቀልባው። በጆርጂያ ከ2011 ጀምሮ ከ8 ዓመት በታች የሆነና ቁመቱ 4 ጫማ ከ9 ኢንች ያልሞላ ልጅ የሚሳፈረው ከኋላ፣ በሚመጥነው የልጅ ወንበር ታስሮ ነው። ሁለት ልጅ በአንድ ቀበቶ ማሰርማ ጨርሶ አይሆንም።

ለእማማ ግን ሕግ ቢጠቀስላቸው አይዋጥላቸውም። ስለዚህ ልጆች፣ ይህ የእናንተ ሥራ ነው፤ በአማርኛ ንገሯቸው። «እማማ፣ ይሄ እኮ የመኪና አንቀልባ ነው። እማዬን አዝለው ገበያ ሲሄዱ ማንገቻውን አላልተው ያውቃሉ?» በሏቸው። ከዚያ የሕፃኑን ወፍራም ካፖርት አውልቁለት፣ ካፖርት ካለ ማሰሪያው የጠበቀ ይመስላል እንጂ ላላ ነው። የደረቱ መቆለፊያ ከብብቱ ትይዩ ይሁን። ትከሻው ላይ ማሰሪያውን በጣት መቆንጠጥ ከተቻለ ገና አልጠበቀም። ማጥበቁን ለእማማ ተዉላቸው፣ እሳቸው ያውቁበታል።

ቅዳሜ መኪና ማቆሚያው ላይ አያችኋለሁ።