ፕሮግራሙ ሠርቷል ለማለት ምን ይበቃል?

የስግድ በዓል በተቃረበ ቁጥር የእስራኤል ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ቢሮ ስለ ኢትዮጵያውያን እስራኤላውያን ማኅበረሰባችን አሃዞች ያወጣል። ከዚያ በኋላ ከየመድረኩ የምንሰማው ያው ነው፤ የባግሩት (የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና) ሰርተፊኬት የሚይዙ ልጆቻችን በዝተዋል፣ ስለዚህ የተዘረጉላቸው የትምህርት ፕሮግራሞች ሠርተዋል ይባላል። የአባባሉ የመጀመሪያ ግማሽ እውነት ነው፤ ደስም ይለኛል። ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው አይወጣም። የሕዝብ ገንዘብ የሚመደበው በዚህ በሁለተኛው ግማሽ ስለሆነ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም።

ከ25 ዓመት በፊት ለባግሩት ይቀመጥ የነበረው ልጅ ብዙውን ጊዜ ኢትዮጵያ ተወልዶ ዕብራይስጥን ከፍ ካለ በኋላ የጀመረ ነበር። ዛሬ ነታንያ ከተማ ውስጥ፣ በሄፍጺባም ሆነ በኪርያት ኖርዳው ሰፈር፣ ክፍል ውስጥ ከምናያቸው ልጆቻችን ብዙዎቹ የተወለዱት እዚሁ ነው፤ እናቶቻቸውም የተማሩት እዚሁ አገር የሆኑ አሉ። በእነዚሁ ዓመታት የባግሩት ውጤት በመላው አገሪቱ ከፍ ብሏል። እንግዲህ አንድም ፕሮግራም ባይኖር ቁጥሩ መጨመሩ አይቀርም ነበር። ዘንድሮን ከዱሮ ጋር ብቻ አስተያይቶ ለውጡን ሁሉ ለፕሮግራሙ መስጠት፣ በሰኔ ዝናብ የለመለመን መስክ እኔ ነኝ ያጠጣሁት እንደ ማለት ነው።

ይህ ለፕሮግራሙ ደጋፊዎች ሲነገር ሌላ ማስረጃ ይመጣል፤ በፕሮግራሙ የታቀፉት ካልታቀፉት የተሻለ ውጤት አምጥተዋል ይባላል። ለመሆኑ የታቀፉት እነማን ናቸው? ከሰዓት በኋላ ማትናስ (የሰፈሩ ማኅበረሰብ ማዕከል) ሄዶ ተጨማሪ ሒሳብ የሚማረው ልጅ፣ እናቱ ስብሰባ የመጣችለት፣ አስተማሪው ይህ ልጅ ይችላል ብሎ ስሙን የሰጠው ነው። ያልታቀፈው ደግሞ ማታ ታናናሾቹን የሚጠብቅ፣ ወይም ወረቀቱ ቤት ደርሶ ማንም ያላነበበለት ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ገና ሲጀመር እኩል አልነበሩም። በተቃራኒው አስተማሪዎች በጣም የደከሙትን ብቻ መርጠው ልከው ከሆነ፣ ጥሩ ፕሮግራም በዚሁ ሚዛን የማይረባ ሆኖ ይታያል። በሁለቱም መንገድ የተለካው የልጆቹ አመራረጥ ነው፤ ትምህርቱ አይደለም። ዓመቱ ሳይጋመስ ያቋረጡት ልጆችስ በየትኛው በኩል ተቆጠሩ? ይህን የማይናገር ሪፖርት ምንም አልነገረንም።

ሰርተፊኬቱም ብቻውን መለኪያ ሊሆን አይገባም። ያው የስታቲስቲክስ ቢሮ ሁለት ቁጥር ያወጣል፤ አንዱ ሰርተፊኬት ያገኙትን፣ ሌላው ውጤታቸው ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚበቃውን። በሁለተኛው ቁጥር በልጆቻችንና በሌሎች መካከል ያለው ርቀት ከመጀመሪያው ይሰፋል። መድረክ ላይ የሚነበበው ግን የመጀመሪያው ነው።

ጥሩ ዘዴ የለም እንዳይባል፣ በራሳችን ልጆች ላይ የተሠራ ዓለም የሚጠቅሰው ጥናት አለ። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ እዚህ ሲደርስ፣ ቤተሰቦች ወደየመርካዝ ክሊታው (የአዲስ ገቢዎች መቀበያ ማዕከል) የተበተኑት ቦታ በተገኘበት ነበር። ማንም ሰፈር አልመረጠም፤ ትምህርት ቤትም አልመረጠም። ኤሪክ ጉልድ፣ ቪክተር ላቪና ዳኒኤሌ ፓሰርማን በ2004 ባሳተሙት ጥናት ይህን አጋጣሚ ተጠቅመው፣ ዕጣ የሚመስል ድልድል ልጆቹን የት እንዳደረሳቸው ተከታተሉ። ገና በልጅነታቸው የተሻለ ትምህርት ቤት የደረሳቸው ልጆች ትምህርት የማቋረጥ ዕድላቸው ቀነሰ፣ የባግሩት ውጤታቸውም ተሻለ። ይህ ግኝት ብዙ ያስጠይቃል። ዋናው ነገር ልጁ ጠዋት የሚገባበት ትምህርት ቤት ከሆነ፣ ከሰዓት በኋላ በሚሰጥ ድጋፍ ብቻ ምን ያህል እንራመዳለን?

ሆን ተብሎ ዕጣ የወጣበትም ጊዜ አለ። ጆሹዋ አንግሪስትና ቪክተር ላቪ በ2001 የባግሩት ውጤታቸው ዝቅተኛ ከሆነ 40 ትምህርት ቤቶች ግማሾቹን በዕጣ ለይተው፣ ፈተናውን ላለፉ ተማሪዎች የገንዘብ ሽልማት መስጠት የሚያስገኘውን ውጤት መረመሩ። ሴቶቹ ተጠቀሙ፤ ወንዶቹ ላይ ግን ለውጥ አልታየም። ልዩነቱን ያወጣው ወንዱንና ሴቱን ለይቶ መመርመሩ ነው፤ አንድ አማካይ ቁጥር ብቻ ቢነበብ ኖሮ ይሸፈን ነበር።

ነታንያ ውስጥም ለአንድ ፕሮግራም ከቦታው በላይ ልጅ ከተመዘገበ፣ ዕጣ ማውጣት ከማንኛውም አመራረጥ ይልቅ ፍትሐዊ ነው፤ ያልደረሳቸው በሚቀጥለው ዙር ይግቡ፣ እስከዚያው ውጤታቸው ይመዝገብ። ልጄ ለምን መሞከሪያ ይሆናል የሚል ወላጅ እንደሚኖር አውቃለሁ። በ1996 የለገስነው ደም በድብቅ ሲጣል እንደነበር የተጋለጠበት ማኅበረሰብ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ስለዚህ ነገሩ አስቀድሞ በአማርኛና በትግርኛ፣ ቄሶቹና ሽማግሌዎቹ ባሉበት ይነገር፤ ወላጅም እምቢ የማለት መብት ይኑረው።

ዕጣው ደግሞ ሁሉን አይመልስም። ልጁ ለምን እንዳቋረጠ ቁጥር አይናገርም፤ ቤቱ ሄዶ፣ ቁጭ ብሎ፣ በእናቱ ቋንቋ መጠየቅ ያስፈልጋል። በዕብራይስጥ የተጻፈ መጠይቅ ልጁ ራሱ ለእናቱ እየተረጎመ የተሞላ ከሆነ፣ የተመዘገበው የእናትየው ሐሳብ ነው ብዬ ለመቀበል ይቸግረኛል።

ባለሥልጣናቱ ይህን ሁሉ ያደርጋሉ ወይ? እርግጠኛ አይደለሁም። ዕጣ ወጥቶ፣ ክትትል ተደርጎ፣ አንድ ተወዳጅ ፕሮግራም እንዳልሠራ ቢታወቅ ለማተም የሚደፍር ይኖራል ወይ የሚለው የበለጠ ያሳስበኛል። የነታንያ ወላጆች ግን በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ እጃችሁን አንሡና ጠይቁ፤ ያልገቡት ልጆች የት ደረሱ? ያቋረጡትስ? መልስ ባይሰጣችሁም ጥያቄያችሁ በቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ በሉ።