ጥቀርሻም ያስጌጣል፦ ስለ ጎቲክ ጥቃቅን ክፍሎችና ስለ ጅማ የተሰጠ ምላሽ

በእደ ጥበብ ዐውደ ርእይ ዳርም ሆነ ስለ ቅርስ በሚደረግ ውይይት ላይ ደጋግሞ የሚሰማ ፍርድ አለ። አንድ የጅማ ወጣት ሹል ቅስት መስኮት፣ የጠቆረ ጣሪያና ረጃጅም በር ያላት፣ በሁለት እጅ የምትነሣ የአሻንጉሊት ክፍል ሠርቶ ቢያቀርብ፣ ገና ቀርቦ ሳይታይ «ይህማ የፈረንጅ ነው» ይባላል። ፍርዱ ሲብራራ ደግሞ እንዲህ ነው፤ ጎቲክ የአውሮፓ ነው፤ የአሻንጉሊት ቤት የአውሮፓ ባለጸጎች መዝናኛ ነው፤ ጅማ ግን የራሷ በርጩማ፣ የራሷ ጀበናና የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አላት፤ ስለዚህ የጅማ እጅ የጅማን ነገር ይሥራ።

በመደምደሚያው እስማማለሁ፤ በመንደርደሪያው ግን አልስማማም። ክርክሬ አንድ ነው። የአንድ ክፍል ጎቲክ ድባብ የሚመጣው ከቁሱ፣ ከጭሱ፣ ብርሃን ከሚገባበት አቅጣጫና ከዕድሜው ነው፤ ላዩ ላይ ከሚለጠፍ ጌጥ አይደለም። በዚህ ሚዛን ከተለካ፣ የጅማ እንጨት ሠራተኛ ጎቲክ ክፍል ለመሥራት የሚያስፈልገው አብዛኛው ዕውቀት በቤቱ አለ።

«እውነተኛው ጎቲክ» ከሚባለው እንጀምር። ስልቱ በፓሪስ አጠገብ በሚገኘው የሳን ዴኒ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ከ1140 እስከ 1144 በታነጸው ክፍል እንደ ጀመረ የሥነ ሕንፃ ታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። የጥቃቅን ክፍል ሠሪዎች የሚከተሉት ግን ያንን አይደለም፤ ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ የመጣውን ትንሣኤውን ነው። ሆራስ ዋልፖል የተባለው እንግሊዛዊ ጸሐፊ ከ1749 ጀምሮ በለንደን አቅራቢያ ስትሮውቤሪ ሂል የሚባል ቤቱን በጎቲክ መልክ አሠራ። የእሳት ማንደጃዎቹን ቅርጽ ከዌስትሚንስተርና ከካንተርቤሪ መቃብሮች ቀዳ። የአዳራሹ ጣሪያ የዌስትሚንስተርን የድንጋይ ጣሪያ አስመስሎ የተሠራው ደግሞ በሙጫ ከተቦካ ወረቀት ነው። ይኸው ሰው በ1764 የኦትራንቶን ግንብ ታሪክ በልብ ወለድ አሳተመ፤ ጨለማ ግንብ፣ መናፍስትና ፍርሃት የጎቲክ ጓዝ የሆኑት ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ በጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ የሚደረደሩት የራስ ቅል፣ ቁራና የሸረሪት ድር የካቴድራል ውርስ አይደሉም፤ የዚያ ልብ ወለድ የልጅ ልጆች ናቸው። እንግዲህ የጅማውን ወጣት «ኮራጅ» የሚለው ሰው፣ የሚኮረጀው ነገር ራሱ የወረቀት ኩረጃ መሆኑን ዘንግቷል።

ነገሩ ወደ እንጨት ሲመጣ ደግሞ ወደ እኛ ይቀርባል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአሜሪካ አናጢዎች ድንጋይ መጥረብ ሳያስፈልጋቸው ጣውላን በቀጭን መጋዝ እየፈለፈሉ ከጣሪያ ክፈፍ ሥር የሚንጠለጠል ጌጥ ይሠሩ ጀመር፤ ይህም የአናጢዎች ጎቲክ ተባለ። አሁን አዲስ አበባ ፒያሳ ሄዶ የጣይቱ ሆቴልን በረንዳ፣ ወይም ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነውን የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤልን ቤት ቀና ብሎ የሚያይ ሰው የተፈለፈለና የተጠረበ እንጨት ምን ያህል የዘመኑን ቤቶች መልክ እንደ ወሰነ ይረዳል። ያንን ሥራ በምኒልክ ዘመን ካስፋፉት መካከል የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች እንደነበሩ የታወቀ ነው። አንዱ ከሌላው ተወለደ አልልም። የምለው፣ እንጨትን እንደ ዳንቴል መፈልፈል በዓለም ዙሪያ በየወደቡና በየገበያው የተዘዋወረ ሙያ መሆኑን ነው።

ጅማም ከዚያ ዝውውር ውጭ አልነበረችም። ከከተማዋ ወደ ሰባት ኪሎ ሜትር ርቆ በጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨትና የጭቃ ሥራ ነው፤ ፎቅ አለው፣ ሰፊ በረንዳዎች አሉት፣ ምሰሶዎቹና መደገፊያዎቹ ተቀርጸዋል። አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 ገዝተዋል። በሥራቸው የነበረው የሂርማታ ገበያ ከጎጃም፣ ከሸዋና ከባሕር ዳርቻ የሚመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ነበር። አንትሮፖሎጂስቱ ኸርበርት ሉዊስ በ1965 ባሳተመው የጅማ መንግሥት ጥናቱ ግቢው የመንግሥት መቀመጫ ብቻ ሳይሆን የእጅ ባለሙያዎች የሚሠሩበት ስፍራ እንደነበረም አሳይቷል። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱን አንዱ ወገን «ንጹሕ አገር በቀል» ሌላው ወገን «የሕንድ ሥራ» ሲለው ሁለቱም አንድ ስሕተት ይጋራሉ። ቤት አንድ አባት ብቻ እንዲኖረው ይፈልጋሉ። አናጢው የጅማ፣ እንጨቱ የጅማ፣ ሐሳቡ ከገበያ ጋር የመጣ ቢሆን ቤቱ ከጅማነቱ ምን ይጎድልበታል?

በነገራችን ላይ፣ ሹል ቅስትን እንደ ባዕድ የሚቆጥር ሰው ላሊበላን ረስቷል። የቤተ ጊዮርጊስ የላይኛው ረድፍ መስኮቶች አናታቸው ሾሎ የሚያበቃ፣ በአበባና በሐረግ ጌጥ የተከበበ ቅስት አላቸው። እነሱን ጎቲክ ማለት ስንፍና ይሆናል። ግን ያ መስመር ለኢትዮጵያ ዓይን አዲስ አለመሆኑን ለማስረዳት ይበቃሉ።

የአሻንጉሊት ክፍል የባለጸጋ አውሮፓዊ ጨዋታ ነው የሚለው ሐሳብ በከፊል ልክ ነው። በአምስተርዳም ያሉት የአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቤቶች የነጋዴ ሚስቶች ኩራት ነበሩ፤ የልጆች መጫወቻ አልነበሩም። ነገር ግን ትንሽ ቤት አቁሞ በትንሽ ዕቃ ኑሮን መምሰል እዚህም አለ፤ እቃ እቃ ያልተጫወተ ማን ነው? በጎንደር አጠገብ ወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች የሸክላ ምስሎችን ለገበያ ሲሠሩ ኖረዋል። ልዩነቱ የእቃ እቃ ቤት ከጨዋታው በኋላ ፈርሶ መቅረቱ ነው። የጠፋው የመጠበቅ ልማድ ነው፤ የማሳነስ ችሎታ ግን ነበረ፣ አለም።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ ክርክሩ የሚፈታው እዚያ ነውና።

በዓለም የተለመደው ልኬት አንድ ለአሥራ ሁለት ነው። በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ያሉት፣ ናርሲሳ ቶርን በ1930ዎቹ ያሠራቻቸው 68 ክፍሎች በዚሁ ልኬት የተሠሩ ናቸው። በዚህ ሒሳብ 2 ሜትር ከ10 የሆነ በር 17 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ 36 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው በርጩማ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ሲኒ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ። እዚህ ላይ ብዙ ሠሪ የሚሳሳትበት ነገር አለ። የቡና ከተማ ስለሆነ ብሎ እውነተኛ የቡና ፍሬ በትንሿ ምጣድ ላይ ያስቀምጣል። ፍሬው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ከሲኒው ሁለት እጥፍ ይረዝማል፤ ክፍሉ ያኔውኑ ክፍልነቱን ያጣል፣ የቱሪስት ዕቃ ይሆናል። መፍትሔው በየቤቱ አለ፤ ጤፍ። አንድ የጤፍ ፍሬ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ለአሥራ ሁለት የቡና ፍሬ የሚሆነውም ያው ነው። ቀይ ጤፍ በደረቅ ምጣድ ላይ እስኪጠቁር ቢታመስ፣ የተቆላ ቡና ሆኖ ይቀርባል።

እንጨቱም እንዲሁ ነው። ዋንዛ ለትልቅ ወንበር ግሩም ነው፤ የእንጨቱ መስመር ሰፊ ስለሆነ ግን በ3 ሴንቲ ሜትር በርጩማ ላይ ውሸቱ ይታያል። መስመሩ የጠበቀ እንጨት ያስፈልጋል። በአጋሮ፣ በሊሙና በጎማ ዙሪያ ያረጀ የቡና ዛፍ እንዲያድስ ሲጎነደል ግንዱ አብዛኛውን ጊዜ ለማገዶ ይሄዳል። የቡና እንጨት ጠንካራና መስመሩ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ለጥቃቅን ቅርጽ የሚመች ነው። የጅማ በርጩማ ደግሞ ከአንድ ግንድ፣ ያለ ሚስማርና ያለ ኮላ የሚወጣ ሥራ ነው። ትንሹም እንዲሁ ከአንድ ቁራጭ ይውጣ እላለሁ። ኮምፔንሳቶ ቆርጦ ሦስት እግር በኮላ ማጣበቅ ይቀላል፤ ግን ያኔ የተሠራው የበርጩማ ሥዕል ነው።

ጥቁረቱ ከየት ይምጣ? ከገበያ የተገዛ ጥቁር ቀለም ግድግዳውን ያጠቁረዋል እንጂ ቤት አያደርገውም። በጅማ ዓመታዊው ዝናብ 1500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ በረንዳው ርጥበት ይጠጣል፣ ውስጡ ምድጃው ይጨሳል፣ ጥቀርሻው ከጣሪያው ይንጠለጠላል። ይህ ጥቁረት እኩል አይደለም። ከምድጃው በላይ ያለው ወጋግራ ድቅድቅ ነው፤ ወደ በሩ ሲኬድ ቡናማ ይሆናል፤ ሰው ትከሻውን የሚያስደግፍበት ምሰሶ ደግሞ ይወለውላል፣ ያበራል። ሠሪው የቡና አተላ በስሱ ቀብቶ፣ ከዚያ እውነተኛ ጥቀርሻ በዘይት ለውሶ በጣቱ ከላይ ወደ ታች ቢያሻ ይህንን ልዩነት ያገኘዋል። ጥላሸት ከጥንት ጀምሮ የብራና ጸሐፊዎቻችን የጥቁር ቀለም መነሻ ስለነበረ ዕቃው ለጌጥ እንግዳ አይደለም። መስኮቱ አንድ ይሁን፤ ብርሃኑ ከጎን ይግባ። የጎቲክ ድባብ ግማሹ ያልበራው ማዕዘን ነው። ባለቀለም መስታወት የሚፈልግም በከረሜላ ወረቀት ይሞክረው፤ ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት በሠሩበት አገር ይህ ጌጥ ነውር አይደለም። እኔ ግን በጅማ ክፍል ውስጥ አላስገባውም፤ ብርሃኑን ያበዛብኛል።

ከሚቀርቡት ተቃውሞዎች ሁሉ የከበደኝ ከዚህ የሚነሣው ነው። ጭስን ማስዋብ ድካምን ማስዋብ አይደለም ወይ? በዚያ ጥቀርሻ ሥር የምትቀመጠው ሴት ናት፤ የሚያስላት፣ ዓይኗን የሚያቃጥላት ያው ጭስ ነው። ይህ ተቃውሞ «የፈረንጅ ነው» ከሚለው እጅግ የተሻለ ነው፤ ሙሉ በሙሉ የሚመለስም አይመስለኝም። ከፊሉን ግን ሥራው ራሱ ሊመልስ ይችላል። የራስ ቅልና ቁራ የተደረደሩበት ክፍል ጨለማውን ባለቤት አልባ ያደርገዋል። ምድጃው፣ ዝቅ ያለው በርጩማ፣ የተገመሰው ጀበናና በጭስ አቅጣጫ የተቀመጠው ረከቦት የሚታዩበት ክፍል ግን ጥቁረቱን ማን እንደ ከፈለበት ይናገራል። ስለዚህ ጥቀርሻው ይግባ፤ ምድጃው ሳይገባ ግን አይግባ።

የቅርስ ተቆርቋሪዎች ሌላም ይላሉ፤ ገንዘብና ጊዜ ለእውነተኛው ቤተ መንግሥት ይዋል እንጂ ለመጫወቻው አይዋል። ሁለቱ ግን አይጣሉም። ትንሽ ክፍል ለመሥራት የተነሣ ሰው የበሩን ስፋት፣ የመደገፊያውን ቅርጽ፣ ጣውላው ከምሰሶው ጋር የሚገናኝበትን መንገድ መለካት ግድ ይለዋል። የእንጨትና የጭቃ ሕንፃ ዝናብ በበዛበት አገር የዕድሜው ጠላት ከጣሪያው ይጀምራል፤ ልኬቱ በወረቀትና በትንሽ አካል ከተቀመጠ ለጥገና የሚመለከቱት ነገር አለ። በአንጻሩ በየመደብሩ የሚሸጠው የጣት ቁመት ያለው መሶብና ጀበና፣ «የእኛ» ተብሎ የሚወደሰው፣ አንድም የተለካ ነገር አይነግረንም።

ልተወው የማልችለው የአሠራር ነጥብ ይቀራል። በአውሮፓ የአሻንጉሊት ቤት የሚከፈተው ከፊት ነው፤ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ እንደ ቁም ሣጥን በር ተነሥቶ ውስጡ ይታያል። በጅሬን ዓይነት ቤት ላይ ይህንን ማድረግ ግን በረንዳውን ማንሣት ነው፤ በረንዳው ደግሞ የቅርጹ ሥራ ያለበት፣ ባለጉዳይ የሚጠብቅበት፣ ዝናብ ሲጥል ሰው የሚቆምበት ክፍል ነው። በጅማ የሚሠራ ክፍል በረንዳው ሳይነካ ከኋላው ይከፈት፤ ተመልካቹም ከምድጃው ጀርባ ሆኖ በጥቀርሻው ሥር ወደ በሩ ብርሃን ይመልከት።