«ስንተኛ ወጣህ?»

ልጅዎ ሯጭ ከሆነ፣ ከውድድር ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠይቁት ምንድን ነው? በብዙ ቤት «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም። ሁልጊዜ እሱ ብቻ ሲሆን ግን ልጁ የሚወደደው በሚያመጣው ውጤት ልክ ይመስለዋል።

ሸዋ ሮቢትን እንውሰድ። ሙቀቱ ሳይበረታ ለመሮጥ ጎህ ሳይቀድ መነሳት ግድ ነው። ከዚያ ትምህርት አለ፤ ከሰዓት በኋላ የሽንኩርቱ ማሳ ውኃ ይፈልጋል። ማታ ደግሞ የቆላው ወበቅ እንቅልፍ ይነሳል። በረመዳን ወይም በሁዳዴ ምግቡ ቀንሶ ልምምዱ እንደነበረ ከቀጠለ፣ ጉልበት ከየት ይመጣል? አሰልጣኙ የሚያየው ሩጫውን ነው፤ የቀረውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ተራ ድካም ጥቂት ቀን ሲያርፉ ይለቃል። ዝለት ግን ሌላ ነው። የስፖርት ሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶማስ ራዴኪ ሦስት ምልክቶች አስቀምጧል፦ የአካልና የስሜት መዛል፣ «ምንም አልሠራሁም» የሚል ስሜት፣ ይወዱት ለነበረው ስፖርት ግድ ማጣት። እኔ አጥብቄ የምፈራው ሦስተኛውን ነው። ጫማውን አጥቦ ያሰጣ የነበረ ልጅ ጭቃውን ማራገፍ ሲተው፣ ብዙ ወላጅ «ሰነፈ» ይላል። (በነገራችን ላይ በይፋት ቆላ ወባ አለ፤ ደም ማነስም ያዝላል። አስቀድመው ያስመርምሩት።)

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2010 በኒው ዮርክ ማራቶን ጉልበቱን አሞት ካቋረጠ በኋላ፣ በዚያው ዕለት ሩጫ ማቆሙን ተናገረ። ብዙ ሳይቆይ ሐሳቡን ለውጦ ተመለሰ። እሱ ግን ያኔ ስሙም ኑሮውም የተደላደለ ነበር። ጣርማ በርን ተሻግሮ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ክለብ የገባ ወጣት «ደከመኝ» ቢል፣ ደመወዙም፣ ለቤት የሚልከው ብርም፣ የሰፈሩ ተስፋም አብሮ የሚወድቅ ይመስለዋል። ስለዚህ ዝም ይላል። ሲደውልልዎ ስለ ውድድሩ ከመጠየቅዎ በፊት እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ጓደኞቹን ይጠይቁት። ገንዘቡ ለጊዜው ቢቀር ቤቱ እንደማይፈርስ በግልጽ ይንገሩት።

ልጁ ገና ከእርስዎ ጋር ከሆነም ከአሰልጣኙ ጋር ተነጋገሩ፤ በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን ይኑረው። በዚያ ቀን ሽንኩርቱን ሌላ ሰው ያጠጣ።