የወፎቹን ወቅት እንወቅ

ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ብቅ ያለን ሰው «የመስቀል ወፍ ሆንክ» እንለዋለን። የመስቀል ወፍ ግን የትም አትሄድም። ወንዱ በመራቢያው ወቅት ደማቅ ላባ ይለብሳል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ቡናማ ይሆንና ከሌሎቹ ጋር ይመሳሰላል። ዓመቱን ሙሉ አጠገባችን ሳለ የማንለየው እኛ ነን።

ጅቡቲ ለምንማረው ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አደይ አበባ ስለሌለ ወቅት የሚለወጥ አይመስለንም፤ ሙቀትና የባሰ ሙቀት ብቻ ነው የምንቆጥረው። ቀና ብንል ግን ወቅቱን የሚነግሩን ወፎች ሞልተዋል።

ንስርን የመሳሰሉ ትልልቅ ወፎች የሚንሳፈፉት ከሞቀ መሬት በሚነሳ አየር ነው። ባሕር ላይ ይህ አየር ደካማ በመሆኑ ጠባቡን መሻገሪያ ይመርጣሉ። ባብ ኤል መንደብ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከሩሲያና ከካዛኪስታን ሜዳዎች የተነሱ ንስሮች ከየመን ተሻግረው በዚህ በኩል ወደ አፍሪካ ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ1987፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ባለው ጊዜ፣ ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ ወፎች እዚሁ ጅቡቲ ተቆጥረዋል። ከንስሮቹ ብዙዎቹ ሲመለሱ በሱዌዝ በኩል ስለሚዞሩ፣ ጥቅምትን ያሳለፈ እስከ ሚቀጥለው ዓመት ይጠብቃል።

እኛ ግን ሁሉንም «አሞራ» ብለን እናልፋለን። ፔንግዊን መሣል እናውቃለን፤ ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ላይ የሚለቅሙትን ፍላሚንጎዎች ግን ልብ አንላቸውም።

ስለዚህ ትምህርት ቤታችን ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ድረስ በሳምንት አንድ የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ለወፎች እንዲሰጥ እንጠይቃለን። አንድ ደብተር ይበቃል፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ የወፉ ዓይነትና ብዛት ይጻፍበት። ስሙ ያልታወቀው የክንፉና የጅራቱ ቅርጽ ይሣል። የርቀት መነጽር ያላቸው ወላጆች ቢያውሱን ደግሞ እናመሰግናለን።

«የፈተና ጊዜ ይባክናል» የሚሉ ይኖራሉ። መቁጠር ሒሳብ ነው፤ ነፋስና መንገድ ጂኦግራፊ ናቸው። ደግሞም ከሰሜን የሚመጣው የስቴፕ ንስር ዛሬ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወፎች አንዱ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ሲያርፍ የሚሞተው ብዙ ነው። ያልቆጠርነው ሲቀንስ አናውቅም።

ብዙዎቻችን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሌላ አገር እንሄዳለን። ደብተሩ ግን ለታናናሾቻችን ይቀራል፤ እነሱም ካቆምንበት ይቀጥላሉ።