«ቀኑ ደርሶ ነው» ማለት ይቅር

በመንገድ አደጋ ሰው ሲሞትብን ድንኳን ጥለን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ «ምን ይደረግ፣ ቀኑ ደርሶ ነው» እንባባላለን። ሐዘንተኛን ለማጽናናት የሚባል ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን ከለቅሶ ቤት ወጥተንም በዚሁ ቃል ከረጋን፣ ነገ ሌላ ድንኳን መጣላችን አይቀርም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ይህን ሁሉ ሕዝብ የፈጀው ቀኑ አይደለም። ፍጥነት፣ ትርፍ ጭነት፣ ድካም፣ መጠጥ፣ ያለቀ ጎማና የላላ ፍሬን ናቸው። እነዚህ ደግሞ በእጃችን ያሉ ነገሮች ናቸው። ስለሆነም ለሠፈራችን ሹፌሮችም ሆነ ለበዓል ወደ አገር ቤት ለሚወጡ ተሳፋሪዎች ጥቂት ማሳሰብ እንወዳለን።

በመጀመሪያ ስለ ቁልቁለት። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚያሻግረውን የዓባይ በረሃ መንገድ ያስታውሷል። ጠቅላላው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ዳሩ ግን ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። እንዲህ ባለው ቦታ ፍሬን እንደ ረገጡ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በባዶ ማርሽ የሚወርድም ሞተሩ መኪናውን እንዳይዝለት አድርጎ ክብደቱን ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይጥላል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ፣ ማርሹንም ገና ከአፋፉ ላይ ማስገባት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በበረሃ ቁልቁለት ላይ የፈሰሰ ግን አይለቀምም።

ሁለተኛው የድንጋይ ነገር ነው። መኪና ሲበላሽ ከፊትና ከኋላ ድንጋይና ቅጠል መደርደር የቆየ ልማዳችን ነው። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ግን ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ሹፌሩ ለረዳቱ፣ ረዳቱም ለመንገዱ ትተውት ይሄዳሉ። ሲመሽ የሚመጣው ሰው ምን ያድርግ? አንዱን ያዳነ ድንጋይ ሌላውን እንዳይገድል፣ የደረደረው ሰው ራሱ ያንሣው!

ሦስተኛው የመንገድ ሥራ ያለበት ቦታ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። ቀይ ባንዲራ የያዘውን ሠራተኛ አይተው እግርዎ ፍሬን እስኪነካ ድረስ እሱ ዘንድ ደርሰው ሊሆን ይችላል። ምልክቱን ከሩቅ እንዳዩ ፍጥነት ይቀንሱ። በልቅ ጠጠር ላይ ድንገት ፍሬን መያዝ መኪናውን ያንሸራትታል። በአቧራ ውስጥም ደርቦ ማለፍ ዓይንን ጨፍኖ እንደ መንዳት ነው። መንገዱ በተራ የሚያሳልፍ ሲሆን ሁለተኛና ሦስተኛ ሰልፍ የሚፈጥሩ ሰዎች መሐል ላይ ፊት ለፊት ይፋጠጡና ሁሉንም ያቆማሉ። ሠራተኛው ማታ ወደ ቤቱ ቢገባም ጉድጓዱ እዚያው እንደሚያድር አይዘንጋ።

የሠፈራችን ሰውም ከዚህ ነጻ አይደለም። «መኪናዬን ላስገባ» እያሉ በጉድጓድ አፍ ላይ የተተከለውን በርሜልና ገመድ አንሥቶ አለመመለስ ለሰው ልጅ ወጥመድ መቆፈር ነው። ልጆች የጠጠር ክምር ላይ አይጫወቱ፤ ገልባጭ መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ሹፌሩ ከኋላው ያለ ሕፃን ላይታየው ይችላል። አሠሪዎችም ቢሆኑ ጉድጓድ ቆፍረው ያለ መብራትና ያለ አጥር ጥለው መሄዳቸው ተገቢ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ለማኅበሩ ቶሎ ይንገር።

የመጨረሻው ቃላችን ለተሳፋሪ ነው። «ኧረ ንዳው፣ ምን ትጎተታለህ!» የሚለው ማን ነው? እኛው ነን። እስቲ እናስላው። 100 ኪሎ ሜትር መንገድ በ100 ፍጥነት 60 ደቂቃ፣ በ80 ደግሞ 75 ደቂቃ ይፈጃል። ትርፉ 15 ደቂቃ፣ አንድ ጀበና ቡና እንኳ ተፈልቶ የማይወርድበት ጊዜ ነው። ለዚህ ብለን ሃያና ሠላሳ ነፍስ እናስይዛለን? ሹፌሩ ሲያበዛው ዝም አይበሉ። «ወንድሜ፣ ቀስ በል፤ የሚጠብቁን ልጆች አሉ» ማለት ነውር የለበትም። በተለይ እናቶችና አባቶች ሲናገሩ ይደመጣሉ። ቀበቶ ካለ ይታሰር፤ ትርፍ ከተጫነ አይሳፈሩ፤ የሚያንጎላጅ ሹፌር ወርዶ ፊቱን ይታጠብ፣ ይረፍ።

ዕድራችን ሲቋቋም ለመቅበር ብቻ አልነበረም፤ ለመተጋገዝም ነው። ሳይሞት መተጋገዝ ይበልጣልና፣ ለመንገደኛ ሁሉ በሰላም ገብቶ በሰላም መመለስን እንመኛለን!